ምዕራፍ ሰባት፦ ሥልጣኑ ከፍላሹ ጋር ይመጣል

የፈተና ሰሞን ነው። ሰቆጣ ላይ አንድ መምህር የሒሳብ ፈተናውን ሊያሳትም ፍላሹን ይዞ ኮምፒውተር ቤት ገባ እንበል። ፍላሹ ሲሰካ ፎልደሮቹ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው አቋራጮች ሆነው ተገኙ። ጠቅ ጠቅ ሲደረጉ ወይ አይከፈቱም፣ ወይ ይከፈቱና ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተር ቤቱ ማሽን ያሻግሩታል። «ሾርትከት ቫይረስ» ያልጎበኘው ቢሮ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ የሚሰጠው መልስም የታወቀ ነው፦ «ቲቸር፣ ፎርማት ላድርግልዎት?»

ፎርማት ከተደረገ ፈተናው ሄደ ማለት ነው። ፈተናው ግን አሁንም ፍላሹ ላይ ነው፤ የትም አልሄደም። ቫይረሱ የሠራው ተንኮል እውነተኞቹን ፎልደሮች «ስውር» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ለጥፎ መደበቅና በቦታቸው ባለ ቀስቶቹን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ያንን ምልክት የሚያከብረው ዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ ፍላሹን ብትሰኩት ምልክቱን ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው ፎልደሮቹ ቁጭ ብለው ይታያሉ፤ ከጎናቸው አቋራጮቹና ዋናው የቫይረስ ፋይል አብረው ይደረደራሉ። ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ ነፍስ አይዘራም። የማይፈለገውን ማጥፋት፣ የሚፈለገውን መገልበጥ ነው፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሊኑክስ የተጫነበት ማሽን ከየት ይመጣል? ከየትም መምጣት የለበትም። ሌላ 8 ወይም 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሊኑክስ ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ ያው ባለ ዊንዶውስ ማሽን ከፍላሹ ይነሣል። ማሽኑ ሲከፈት እንደ ሥሪቱ ኤፍ 12 ወይም ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ተጭኖ «ከየት ልነሣ?» ለሚለው ጥያቄ ፍላሹን መምረጥ፣ ከዚያ «ልጫን» ሳይሆን «ልሞክር» የሚለውን መንካት ነው። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ አይነካም። ላይቭ ሊኑክስ የሚባለው ይህ ነው።

ነገሩን በሰፊው ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ክኖፒክስ የተባለውን ከሲዲ የሚነሣ ሊኑክስ አወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ኡቡንቱ መጣ። ኡቡንቱ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጠየቀው ሰው ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። ያኔ 700 ሜጋባይት ከኢንተርኔት ማውረድ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የሌሊት ሥራ ስለነበር፣ በፖስታ የመጣች ባለ ካርቶን ሲዲ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ትኖር ነበር።

ሰቆጣ ለምትገኝበት ለዋግ ኽምራ የላይቭ ሊኑክስ ትልቁ ጥቅም ኢንተርኔት አለመጠየቁ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነቱ ወደ ዋግ ሲዘልቅ አካባቢው መብራት፣ ስልክና ባንክ ለወራት ተቋርጦበት ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ኦንላይን ገብተህ አስተካክለው» የሚል ምክር ዋጋ የለውም። አንድ ጊዜ በደህናው ቀን የተዘጋጀ ፍላሽ ግን ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ሥራውን ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት። ላይቭ ሊኑክስ ሲነሣ ሲስተሙ ፍላሹ ላይ ተጨምቆ፣ ሊነበብ እንጂ ሊጻፍበት በማይችል አኳኋን ተቀምጧል። የምትከፍቱት፣ የምትቀይሩት፣ የምትጽፉት ሁሉ የሚያርፈው የማሽኑ ራም ላይ ነው። ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲለየው ምንም አያስታውስም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ የሁለት ሰዓት ሥራ ሠርታችሁ መብራት እልም ቢል ዴስክቶፑ ላይ ያስቀመጣችሁት ሁሉ አብሮ እልም ይላል። ፍላሹ ሲዘጋጅ «ቋሚ ማከማቻ» ካልተመደበለት በቀር ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አዲስ ሕይወት ይጀምራል። ስለዚህ የዳነ ፋይል ወዲያውኑ ወደ ሦስተኛ ቦታ፣ ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ መሄድ አለበት።

አሁን ወደ ሥልጣኑ እንምጣ።

ሊኑክስ ሰውን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ስማችሁን በአማርኛ ጻፉት በእንግሊዝኛ፣ ሲስተሙ ከውስጥ የሚያየው ቁጥር ነው። ኡቡንቱ ሲጫን መጀመሪያ የሚመዘገበው ሰው 1000 ይሰጠዋል፤ ቀጣዩ 1001፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። ዜሮ ቁጥር የተያዘ ነው። የዜሮ ቁጥር ባለቤት ሩት ይባላል። «ይህን ፋይል ማንበብ ትችላለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁሉም ሰው ላይ ሲነሣ ሩት ላይ አይነሣም። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሠሩት ዩኒክስ የተወረሰ ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር እንዳለ ወሰደው።

ወደ ሩትነት የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ልዩነታቸውን ለዋግ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋግ ሹሞች ከዛጉዌ ነገሥታት እንደሚወለዱ ሲነገርላቸው የኖሩ፣ ግዛታቸውን በዘር የያዙ፣ ሆኖም ከነጋሢው በታች ያሉ ሹማምንት ነበሩ። ሹሙ ያዛል፣ ትእዛዙም ይፈጸማል፤ ግን ከበላዩ ዘውድ አለ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ዋግ ሹም ጎበዜ ይህን ሥርዓት አልፈው ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ዘውዱን ራሳቸው ደፉ። ከዘውድ በታች ያለው የሹሙ መንገድ ሱዶ የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ዘውዱን ራስ መድፋት ደግሞ በሩት ስም መግባት። በሱዶ የሚሠራ ሰው እንደ ራሱ ሆኖ ይቆይና ለአንዲት ትእዛዝ ብቻ የዜሮን ሥልጣን ይዋሳል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘም ይመዘገባል። በሩትነት የገባ ሰው ግን ተነሥ እስኪባል ድረስ ዙፋኑ ላይ ነው፤ የሚተይባት ነገር ሁሉ የንጉሥ ቃል ናት። የጎበዜ ንግሥና ሦስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ሩት ሆነው ውለው የሚያድሩ የሲስተም ባለሙያዎችም ዕድላቸው ብዙ ጊዜ ከዚህ አይሻልም።

ሱዶ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡፋሎ ካምፓስ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር ናቸው። ኡቡንቱ ሲመጣ አንድ ደፋር ውሳኔ ወሰነ፦ የሩት ይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ማንም በሩት ስም አይግባ፣ ሲስተሙን የጫነው ሰው በሱዶ ይሥራ። የዚያ ዘመን የሊኑክስ ሽማግሌዎች አጉረምርመው ነበር። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ጀማሪ ሰው ቀኑን ሙሉ ሩት ሆኖ ሲውል የሚያደርሰውን ጥፋት ያየ ሰው አይከራከርም።

በተጫነ ኡቡንቱ ላይ ሱዶ ብላችሁ ስትጽፉ የራሳችሁን ይለፍ ቃል ይጠይቃል። ስትተይቡ በአብዛኛው ስክሪኑ ላይ ኮከብም ነጥብም አይታይም፤ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ የሚጠቀጥቅ ሰው ብዙ ነው። በትክክል ከገባ ለ15 ደቂቃ ያህል ድጋሚ አይጠይቅም። ሥልጣን ከተሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ካልሆናችሁ ደግሞ ስማችሁን ጠርቶ ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌላችሁና ድርጊቱ ሪፖርት እንደሚደረግ ይነግራችኋል። ብቸኛው የማሽኑ ተጠቃሚ እኔ ሆኜ ሳለ ለማን ነው ሪፖርት የሚደረገው የሚለው ቀልድ ከዚህ የመጣ ነው።

ከፍላሽ የተነሣ ሊኑክስ ላይ ግን ሱዶ ምንም አይጠይቅም። ኡቡንቱ ላይ ስሙም «ኡቡንቱ» የሚባል፣ ይለፍ ቃል የሌለው ተጠቃሚ ሆናችሁ ትነሣላችሁ፤ ሱዶ ብላችሁ ያዘዛችሁት ያለ ጥያቄ ይፈጸማል። ከጀርባ ያለው የሱዶ ደንብ ላይ «ይህን ተጠቃሚ ይለፍ ቃል አትጠይቁት» የሚል መስመር አለ። ፌዶራ ላይም እንዲሁ ነው፤ ስሙ «ላይቭ ዩዘር» ይሆናል እንጂ። ዴቢያን ላይ ተጠቃሚው «ዩዘር»፣ ይለፍ ቃሉ «ላይቭ» ነው። ለደኅንነት ፍተሻ የሚያገለግለው ካሊ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ ቀጥታ ሩት አድርጎ ያስገባ ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ግን እሱም ወደ ተራ ተጠቃሚና ሱዶ ተመልሷል፤ ስሙም ይለፍ ቃሉም «ካሊ» ነው። እነዚህ ምስጢሮች አይደሉም፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ ጽፈው ያሰራጩአቸው ናቸው።

አዲስ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። እንዴት ማንም ፍላሽ የያዘ ሰው ሙሉ አስተዳዳሪ ይሆናል? ላይቭ ሲስተሙ የሚጠብቀው የራሱ ንብረት የለውም። ሲዘጋ ይጠፋል፤ የማንም ደብዳቤ፣ የማንም ፎቶ የለበትም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች እጅ በገባ ፍላሽ ላይ ሁሉም የሚያውቀው ይለፍ ቃል ቢኖረው ምን ይፈይዳል? ችግሩ ያለው ፍላሹ ላይ አይደለም። ችግሩ ከፍላሹ አጠገብ፣ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ነው።

ዊንዶውስ ሲከፈት የሚጠይቀው ይለፍ ቃል የሚጠብቀው ዊንዶውስን ነው። ዊንዶውስ ካልተነሣ ጠያቂም ዘበኛም የለም። ዲስኩ ያኔ መረጃ የተጻፈበት ዕቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ከፍላሽ የተነሣው ሩት ደግሞ ያነበዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ከፈለገም ያጠፋዋል። በዚህች አንዲት እውነት ላይ ነው የዚህ ምዕራፍ መልካሙም ክፉውም የቆመው።

መልካሙን እናስቀድም። የቢሮ ማሽኖች ከሠራተኛ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አላቸው። ሠራተኛው ይዛወራል፣ ትምህርት ይሄዳል፣ ጦርነት ሲመጣ ይፈናቀላል፤ ይለፍ ቃሉም ከሱ ጋር ይሄዳል። ማሽኑ ውስጥ ግን የደመወዝ መክፈያ፣ የተማሪ ውጤት፣ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና የተዘጋጀ የትምህርት ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። በተለይ ይህ የመጨረሻው ከጠፋ ከየትም አይተካም፤ በዚያ ቋንቋ የሚተየበው ነገር ጥቂት፣ የሚተይበውም ሰው ጥቂት ነው። ዊንዶውሱ ተበላሽቶ አልነሣ ሲል ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ያው «ፎርማት» ነው። ከዚያ በፊት አሥር ደቂቃ ለላይቭ ሊኑክስ ቢሰጥ ስንት ነገር በዳነ!

በተግባር ሲሠራ ግን ሥልጣን ብቻውን የማይፈታቸው ነገሮች ይገጥማሉ። አንዱ ይኸው። ከፍላሽ ተነሣችሁ፣ የዊንዶውሱን ክፍል ከፈታችሁ፣ ፋይሎቹም ይታያሉ። አንዱን ልታስተካክሉ ወይም ቫይረሱን ልታጠፉ ስትሉ «ለንባብ ብቻ» ይላችኋል። ሱዶ ብትሉ፣ ሩት ብትሆኑም ያው ነው። የሥልጣን ጉዳይ አይደለም። የዛሬ ዊንዶውስ ዝጋ ሲባል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በፍጥነት ለመነሣት እንዲመቸው ከፊሉን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያሸልባል። ሊኑክስ ይህን ሲያይ «ይህ ዲስክ በሌላ ሰው እጅ ነው» ብሎ መጻፍ ይከለክላል፤ ደግም አደረገ፣ ሁለቱ ቢጽፉበት የፋይል ማውጫው ይመሰቃቀል ነበር። መገልበጥ ግን ይቻላል። መጻፍ የግድ ከሆነና ዊንዶውሱ የሚነሣ ከሆነ አስነሥቶ «ሪስታርት» ማድረግ ነው፤ ሪስታርት ከ«ሸት ዳውን» በተለየ ሁሉንም ነገር አጥቦ ይዘጋል።

ሌላው ደግሞ የኛው የአማርኛ ጣጣ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ቢሮዎቻችን የሚተይቡት የላቲን ፊደላትን ቦታ በያዙ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ የቆየ ደብዳቤ ላይቭ ሊኑክስ ላይ ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝንጥልጥል ይሆንባችኋል። ፋይሉ የተበላሸ መስሏቸው ተስፋ የሚቆርጡ አሉ። አልተበላሸም፤ ፎንቱ ብቻ ነው የጎደለው። ፎንቱ ያለው እዚያው ዊንዶውስ ዲስክ ላይ፣ «ፎንትስ» የተባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ላይቭ ሲስተሙ ሲገለበጥ ጽሑፉ ይመለሳል። ለሁሉም ተጠቃሚ እንዲሆን ወደ ሲስተሙ የፎንት ቦታ ለመክተት ሱዶ ያስፈልጋል፤ ለራስ ብቻ ከሆነ ግን ያለ ሱዶም ይቻላል። ፋይሉን አድነው ፎንቱን የሚረሱ ሰዎች ሌላ ቀን ድንጋይ ላይ እንደተጻፈ የማይነበብ ነገር ይዘው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ገልብጡ።

የባለቤትነት ነገርም አለ። በሱዶ የተገለበጠ ፋይል ባለቤቱ ዜሮ ቁጥር ይሆናል። የተገለበጠበት ዲስክ ሊኑክስ በሚጠቀምበት አሠራር የተዘጋጀ ከሆነ፣ ነገ ያ ፋይል ለተራው ባለቤት «አይፈቀድልህም» ይለዋል። ተራ ፍላሽ ላይ ይህ አይታይም፤ ፋት የሚባለው የፍላሾች አሠራር ባለቤትን አይመዘግብምና። መፍትሔው ባለቤትነትን የሚቀይረውን ትእዛዝ መጠቀም፣ ወይም ከመጀመሪያው ሳያስፈልግ ሱዶ አለማለት ነው። ለንባብ ክፍት የሆነን ነገር ለመገልበጥ ሥልጣን አያስፈልግም።

ዲስኩ ላይ ያለው ራሱ ሊኑክስ ከሆነና ይለፍ ቃሉ ከተረሳስ? ከፍላሽ ተነሥቶ የዲስኩን ዋና ክፍል መክፈት፣ ከዚያ «ከአሁን በኋላ ሥርህ ይህ ነው» ብሎ ወደዚያ ሲስተም ማዞር፣ በመጨረሻም የተጠቃሚውን ይለፍ ቃል በአዲስ መተካት ነው። የድሮውን ይለፍ ቃል ማወቅ አይቻልም፤ ተፈጭቶ የተቀመጠ ነው፣ ወደ ኋላ አይመለስም። መተካት ግን ይቻላል። ሁሉም ነገር ከሦስት መስመር አይበልጥም።

አሁን ክፉው። ማንም የማይጠይቀው ሩት ስሕተትንም አይጠይቅም። ሊኑክስ ዲስኮችን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ እያለ ይጠራል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ እንደ አነሣሣቸው ሊለዋወጥ ይችላል። ባዶ ፍላሽ ለማዘጋጀት የታሰበች ትእዛዝ በአንዲት ፊደል ስትሳሳት የመሥሪያ ቤቱን ዲስክ ታጥባለች፤ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ጥያቄም አይመጣም። ስለዚህ ዲስክ የሚነካ ነገር ከማዘዝ በፊት ዝርዝራቸውን አውጥቶ መጠናቸውን ማየት ልማድ መሆን አለበት። ማሽኑ ውስጥ ያለው ባለ 500 ጊጋ፣ ፍላሹ ባለ 16 ጊጋ ከሆነ ማደናገር ይከብዳል። ሁለቱም ባለ 500 ከሆኑ አንዱን ንቀሉ።

ከዚህ የከፋው ግን የሌላ ሰው እጅ ነው። እናንተ ፋይል ያዳናችሁበት መንገድ ለሌባም ክፍት ነው። ይህን ለመረዳት የሚጠቅም የአገራችን ታሪክ አለ። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪ ላይና ወለንጪቲ ላይ በእያንዳንዱ ሃያ ያህል ለሚሆኑ፣ ትምህርት ቤት አይተው ለማያውቁ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ አደለ። ታብሌቶቹ አንድሮይድ ነበሩ፤ አንድሮይድ ከሥሩ ሊኑክስ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ባለሙያ እየሄደ የማስታወሻ ካርዶቹን ይቀይር ነበር፣ ልጆቹ ምን ሲያደርጉ እንደዋሉ ለማየት። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ባደረገው ንግግር፣ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ አንድሮይድን «ሰብረዋል» አለ። አንድ ሰው ዘግቶት የነበረውን ካሜራ ከፍተዋል፤ የስክሪኑን ገጽታ እንዳይቀይሩ የተጫነውን መቆለፊያ ፕሮግራምም አልፈው እያንዳንዱ ልጅ የራሱን አስመስሏል።

ዓለም በዚህ ወሬ ተደነቀ። ልጆቹ ሊደነቁ ይገባል፤ «ሰበሩ» የሚለው ቃል ግን ለንግግር የተጋነነ ይመስለኛል። ሩት መሆናቸውን የሚያሳይ ነገር የለም። ያደረጉት በእጃቸው ያለን ዕቃ ያለ ከልካይ ለወራት መነካካት ነው፤ በሶፍትዌር የተዘጋ በር ደግሞ ዕቃው እጁ ላይ ላለ፣ ጊዜና ጉጉት ላለው ሰው ለዘላለም ተዘግቶ አይኖርም። ይኸው ድርጅት ከዚያ ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደላቸው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ላይ ተቃራኒውን መርጦ ነበር። ሊኑክስ ላይ የሚሠሩት እነዚያ ላፕቶፖች ልጁ ተርሚናል ከፍቶ ያለ ይለፍ ቃል ሩት እንዲሆን ይፈቅዱለት ነበር፤ ዕቃው የልጁ ነው፣ ይወቀው በሚል። ይህ የላፕቶፖቹ አስተሳሰብ ለእኔ ይበልጥ ሐቀኛ ነው።

ሁሉም ላይቭ ሲስተም ለጋስ አይደለም። ቴይልስ የተባለው፣ በስውር መሥራት ለሚፈልጉ ጋዜጠኞችና መሰሎቻቸው የተሠራው ሊኑክስ ሲነሣ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ዝግ ነው። ለዚያ ዙር ብቻ የሚያገለግል ይለፍ ቃል መጀመሪያው ገጽ ላይ ራሳችሁ ካላስቀመጣችሁ ሱዶ አይሠራም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ተጠቃሚውን የሚያጠቃ ፕሮግራም ቢገባ ሥልጣን ተዘርግቶ እንዳያገኝ።

ዲስክን ከፍላሽ ሩት የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መመስጠር። ሊኑክስ ላይ ለክስ፣ ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር የሚባለው ሲበራ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ያለ ቁልፉ ትርጉም የለሽ ቁጥር ይሆናል። ሩት ያየዋል፣ ይገለብጠዋል፤ አያነበውም። የማሽኑን ባዮስ በይለፍ ቃል መቆለፍና ከፍላሽ እንዳይነሣ ማድረግም ይረዳል፤ ሆኖም ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ማሽን ላይ ከተሰካ ዋጋ የለውም። ለአራት ብሎን የሚሆን ጊዜ ብቻ ነው የሚገዛው።

ምን መመስጠር እንዳለበት ለመወሰን የዋግን አንድ ጉዳይ እንውሰድ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የተገባ ቃል ነው። ቃሉ የሚለካው በሕፃናት ክብደትና ቁመት፣ በእናቶች ክትትል፣ በየጤና ጣቢያው በሚሰበሰብ መረጃ ነው። የጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ ቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ አገልጋይ ኮምፒውተሩ ኡቡንቱ እንዲሆን ነው የሚመከረው። ማዕከል ያለው አገልጋይ ጠባቂ አለው። ከሪፖርቱ በፊት ስሞችና የምርመራ ውጤቶች የተቀመጡበት፣ በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያለው ላፕቶፕ ግን ፍላሽ ላለው ሁሉ ክፍት ሊሆን ይችላል። አንድ ቢሮ አንድ ማሽን ብቻ መመስጠር የሚችል ከሆነ መጀመሪያ ያን ነው።

ሕጉም ይታወቅ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ የሰውን ኮምፒውተር ሥርዓት ወይም መረጃ መድረስን ወንጀል አድርጎታል። ፍላሹ ይፈቅዳል ማለት ሕጉ ይፈቅዳል ማለት አይደለም። የቢሮ ማሽን ለመክፈት የምትጠሩ ባለሙያዎች ከኃላፊው ትንሽ ማዘዣ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ፊርማና ማኅተም ያለባት አንድ ገጽ ትበቃለች።

መመስጠር የራሱን ጦስ ያመጣል። ቁልፉ ከጠፋ ሩትም፣ ኮምፒውተር ቤቱም፣ ሠሪው ኩባንያም አይረዳም። የመሥሪያ ቤቶቻችን ርክክብ እዚህ ላይ ክፍተት አለበት። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞራል፤ ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ ኮምፒውተሩ ከነመለያ ቁጥሩ ይቆጠራል፤ በሞዴል 22 የወጣው ሁሉ ይመለሳል። ይለፍ ቃል የሚል መስመር ግን ቅጹ ላይ የለም። ቢትሎከር ሲበራ ባለ 48 አሃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ይሰጣል፤ ያን ማተም፣ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ቀንና የማሽኑን ቁጥር ጽፎ ከቼክ ደብተሩ ጋር ካዝና ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ለክስ ደግሞ ለአንድ ዲስክ ከአንድ በላይ ይለፍ ቃል ይቀበላል፤ አንደኛው የሠራተኛው፣ ሁለተኛው የፖስታው ይሆናል። ሠራተኛው ሲለቅ የእሱ ይሰረዛል፣ ለተተኪው አዲስ ይሰጠዋል፤ መረጃው እንደ አዲስ መመስጠርም አያስፈልገውም።